በአንድ ጣት ዝቅ ያለው ትከሻ

የእህቴ ባል ሲሠራ ያየው ሰው ሥራ ላይ ነው ብሎ አያምንም። ጥቁር ሰሌዳ የምትመስል ታብሌት ጭኑ ላይ ያስቀምጣል፣ ቀለም የሌላትን ብዕር ይይዛል፣ ዓይኑን ፊት ለፊቱ ያለው ስክሪን ላይ ተክሎ እጁን ሳያይ ይጭራል። ሲያስብ ብዕሯን ጆሮው ላይ ይሰካታል፤ ከዚያ ጆሮው ላይ መሆኗን ይረሳና ጠረጴዛውን ሁሉ ይበረብራል። ፋብሪካው ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፣ ባለብዕሩ ነው የሚባለው። እህቴም ስታኮርፈው ባለብዕሩ ትለው ነበር።

ፋብሪካ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ምድር ቤቱ የስፌት መኪኖችና የመቁረጫ ጠረጴዛ ነው፤ በጠባብ ደረጃ ሲወጣ ደግሞ የባለብዕሩ ክፍል፣ የጋሼ ቢሮና ጨርቅ የሚታተምበት ፕሪንተር አለ። እኔ ከታች ነኝ። ናሙና ሰፊ ነኝ። እሱ ስክሪን ላይ የነደፈውን ልብስ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነተኛ ጨርቅ የምሰፋው እኔ ነኝ ማለት ነው። አፏ አያርፍም ይሉኛል፤ ውሸት አይደለም። እሱ ደግሞ ቃል እንደ ጨርቅ በሜትር የሚሸጥ ይመስል ይቆጥባል። እህቴ "እናንተን ሁለታችሁን ቀላቅሎ ለሁለት ቢያካፍሏችሁ ሁለት ደህና ሰው ይወጣ ነበር" ትለን ነበር።

እህቴ ታናሼ ናት። ነበረች ማለቱን ገና አልለመድኩም። ከተወለደች ጀምሮ ግራ ትከሻዋ ከቀኙ በአንድ ጣት ዝቅ ያለ ነው። በሽታ አይደለም፣ አያማትም፣ በቃ እንዲያ ሆና ተሠራች። እናታችን ግን ነገሩ አልዋጥላት እንዳለ ኖረች። "ቀጥ በይ!" ትላታለች ከቤት ስትወጣ። አስተማሪውም "ቀጥ በይ!"፣ ፎቶ አንሺውም "ቀጥ በይ!" እሷ ሰምታ እንዳልሰማች። የለበሰችው ሁሉ በግራ በኩል ይንሸራተትባታል፤ ስለዚህ ቀኝ እጇን በደረቷ ላይ አሻግራ የልብሷን ግራ ትከሻ በሁለት ጣት ያዝ ታደርግና ሳብ ታደርገዋለች። ስታወራ ሳብ፣ ስትስቅ ሳብ። ስትናደድማ ሁለቴ ሳብ፤ ስንጣላ እጇን አይቼ ነበር ነገሩ የት እንደደረሰ የማውቀው።

ባለብዕሩ ካገባት ብዙም ሳይቆይ ነው ጋሼ አዲሱን የልብስ መንደፊያ ፕሮግራም ያስገቡት። ጋሼ የፋብሪካው ባለቤት ናቸው። ይሄ ፕሮግራም መሳያ ብቻ አይደለም፣ ስክሪኑ ውስጥ የሰው ገላ ያቆማል። ደረት ይህን ያህል፣ ወገብ ይህን ያህል፣ ክንድ ይህን ያህል ብላችሁ ልክ ትሰጡታላችሁ፣ እሱ ያንን የሚያህል ሰው ይሠራል። የነደፋችሁትን ሸሚዝ ታለብሱታላችሁ፤ የት እንደሚሸበሸብ፣ የት እንደሚይዝ አንድ ክር ሳይባክን ያሳያችኋል። ስትፈልጉ ታዞሩታላችሁ፣ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው እኔ መቼም ፈርቼ ነበር።

ፕሮግራሙ ይዟቸው የመጣው ገላዎች ግን ጉድ ነበሩ። እግር ብቻ! ወገባቸው በአንድ እጅ ይጨበጣል። ባለብዕሩ ኮምፒውተሩን ቤት ወስዶ ሲያሳየን እህቴ ጎንበስ ብላ አየችና፣ "እነዚህ ምሳ የሚባል ነገር አያውቁም እንዴ?" አለች። "ማን ነው ይሄን ልብስ የሚገዛው? እነሱ ናቸው ወይስ እኔ? በል ሜትርህን አምጣ፣ የኔን ልክ ውሰድ።"

ያን ቀን እዚያው ነበርኩ። እሱ ይለካል፣ እኔ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እደግማለሁ፣ እሷ ሆዷን እየሳበች ታጭበረብራለች። ትከሻ ላይ ሲደርስ ቆም አለ።

"ምነው?" አለችው።

"ምንም፣ እኩል ላድርገው ብዬ ነው። ፕሮግራሙ በአንድ ጊዜ ግራና ቀኙን እኩል ያደርገዋል።"

"ኧረ ወዲያ! እናቴ ዕድሜ ልኳን ጮሃ ያላቃናችውን አንተ በአንድ ጣት ልታቃና? ተው፣ እንዳለ አድርገው። ማሽኑም ይወቀኝ።"

እንዳለ አደረገው። ግራውን ለብቻ፣ ቀኙን ለብቻ አስገባ፣ ስክሪኑ ላይ አንዲት ግራጫ ሴት ግራ ትከሻዋን ዝቅ አድርጋ ቆመች። ፊት የላትም፣ ፀጉር የላትም፣ ግን ከመንገድ ማዶ ብትቆም እህቴ ናት ብዬ እጠራት ነበር። ፋብሪካው ውስጥ "ሴትዮዋ" የሚል ስም ወጣላት። "እስቲ ሴትዮዋ ላይ ሞክረው" ይላሉ ጋሼ። "ሴትዮዋ ምን አለች?" ይለኛል ቆራጩ ናሙና ይዤ ስወርድ።

በዚያ ገላ ላይ መጀመሪያ የነደፈውን ሸሚዝ ለእሷው ሰፋሁላት። እናንተ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የማይንሸራተት ልብስ ለበሰች። መስታወት ፊት ዞር ዞር አለች፣ ሳቀች፣ እጇ ግን እንደ ልማዷ ተሻግሮ ሄዶ ትከሻዋን ሳብ አደረገው። "ኧረ ምን ሆነሻል፣ አልተንሸራተተም እኮ!" ብላት፣ "አንቺ ደሞ፣ እጄ መች ያውቃል" አለችኝ።

እዚህ ላይ አንድ የሥራ ነገር ላስረዳችሁ፣ ያለሱ የኋላው አይገባችሁም። የእኛ ቆራጭ የድሮ ሰው ነው። ጨርቁን ሁለት አጥፎ፣ የሸሚዙን ግማሽ ብቻ፣ ሁልጊዜ የቀኙን ግማሽ፣ በወረቀት አስወጥቶ እጥፋቱ ላይ ያስቀምጥና ይቆርጣል። ሲገለጥ ግራውም ቀኙም አንድ ዓይነት ይሆናል። "ያልታጠፈ ጨርቅ አላምንም" ይላል። ስለዚህ ሴትዮዋ በግራ ብትዘነብልም በስንት ዓመት ከፋብሪካው የወጣ ልብስ ሁሉ ትከሻው እኩል ነበር። የእሷን ያልታጠፈ ልብስ የለበሰች እሷ ብቻ ነበረች፤ የእሷን እኔ ራሴ ነበርኩ ጨርቁን ዘርግቼ የምቆርጠው።

ከዚያ ታመመች። ሕመሟ አጭር ነበር። አጭር መሆኑ ይሻላል የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ ለማን እንደሚሻል አልነገሩኝም።

ባለብዕሩ አላለቀሰም። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሱ ወንበር ያቀርባል፣ ውሃ ይቀዳል፣ በር ይከፍታል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ሥራ ገባ። "እንዴት ነህ?" ሲሉት "ደህና ነኝ"፤ "በልተሃል?" ሲሉት "በልቻለሁ"። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔ ግን ሰውዬው ዓይኔ እያየ ሲነቅዝ አየሁ። መናደዴን አልደብቃችሁም። እህቴን እንደ ጃንጥላ አውቶቡስ ላይ ረስቷት የወረደ ነበር የሚመስለኝ። እኔስ? እኔም ቢሆን ከዚያ የተሻልኩ አልነበርኩም። የተቀበረች ዕለት እንደ ሰው ጮኼ አለቀስኩ፤ ከዚያ በኋላ ግን የሆነ ነገር ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። መርፌ ጣቴን ሲወጋኝ የሌላ ሰው ጣት ይመስለኝ ነበር፣ ደሙን ጠርጌ እቀጥላለሁ።

ሥራውን ሳይ ደግሞ ይብስብኝ ነበር። ድሮ ለጨርቅ ኅትመት ቅጠል ሲስል ሃያውንም ቅጠል ሃያ ዓይነት አድርጎ ነበር የሚስለው፤ አንዱ ይጠቀለላል፣ አንዱን ትል በልቶታል። አሁን አንዲት ቅጠል አለችው። እሷኑ ይገለብጣል፣ ያዞራል፣ ያሳንሳል፣ ይደረድራል፤ በጣት ሁለት ጊዜ ጠቅ ነው፣ አለቀ። አንድ ቀን ፎቅ ወጥቼ ጮኽኩበት።

"አንተ፣ ሰው ደሞዝ የሚከፍልህ ለዚህ ነው? ሁለተኛ ቅጠል መሳል አቃተህ?"

"አዎ" አለኝ።

"ምን አዎ?"

"አቃተኝ፣ እትዬ። ይቺን ሐኪም ቤት አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው የሳልኳት፣ ተኝታ እያለች። ሁለተኛዋን ልጀምር ስል ነርሷ ገባች። ከዚያ ወዲህ እጄ እምቢ አለኝ።"

ይህን ሲል ድምፁ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት እንደሚናገር ሰው ነው። ደረጃውን ወረድኩ። ያቺ የተገለበጠች ቅጠል በነጭ ጨርቅ ላይ ታተመች፣ ናሙናውን እኔ ሰፋሁ፣ ቆራጩ እንደ ወጉ አጥፎ ቆርጦልኝ ነበር። የአንድ ትልቅ ልብስ ሱቅ ባለቤት አይታ ወደደችው፣ ብዙ አዘዘች። ጋሼ ደስ አላቸው።

ደስ ሲላቸው ደግሞ ዝም ብለው አይቀመጡም። ለዚህ ትእዛዝ ይድረስልኝ ብለው አዲስ መቁረጫ መኪና ገዙ። ወረቀት የለ፣ እጥፋት የለ። ጨርቁ ተዘርግቶ ይነጠፋል፣ ፋይሉ በቀጥታ ከባለብዕሩ ኮምፒውተር ይመጣል፣ ምላጩ እየዞረ ሙሉውን ይቆርጣል። ቆራጩ እጁን አጣምሮ ቆሞ አየና፣ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" አለ። ማንም አልሰማውም። እሱም ቢሆን የተናገረው ለነገሩ ብሎ ነው እንጂ ምንም አልጠረጠረም።

ባለብዕሩ ፋይሉን ላከ። ሙሉውን፣ ግራውንም ቀኙንም። ሰፊዎቹ የግራ ፊቱን ከግራ ጀርባው፣ የቀኝ ፊቱን ከቀኝ ጀርባው እየገጠሙ ሰፉ፤ እርስ በርሱ ልክ ስለሆነ ማንም አልነቃም። ተተኮሰ፣ ታጠፈ፣ ተጫነ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

የሱቁ ባለቤት ራሷ መጣች። እቃውንም አስጭና ነው የመጣችው።

"ጋሼ፣ በግራ በኩል ይይዛል" አለች። "አንዷ ብትለኝ ሰውነቷ ነው ብዬ ዝም እል ነበር። የለበሰችው ሁሉ ናት የምትለኝ። እኔ ራሴ ለበስኩት፣ እኔንም ያዘኝ።"

"አይሆንም" አሉ ጋሼ። "በመኪና የተቆረጠ ነው እኮ።"

ቆራጩ ከክምሩ አንድ ሸሚዝ አነሳ። ቆለፈው፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፣ እድሜ ልኩን ጨርቅ እንዳጠፈው ከመሃል አጠፈው። ጎኑ ከጎኑ ገጠመ፣ ጫፉ ከጫፉ ገጠመ። ትከሻው ግን አልገጠመም፤ ግራው በአንድ ጣት ዝቅ ብሎ ቀረ። ሌላ አነሳ፣ ያው ነው። ሌላም አነሳ።

እኔ የመጀመሪያውን እንዳየሁ አውቄዋለሁ። ሰው የእህቱን ትከሻ አይስትም። ቀና ስል ባለብዕሩ ደረጃው ላይ ቆሟል፣ ብዕሯ ጆሮው ላይ ናት።

"የሷ ነው" አለ።

"የማን?" አለች የሱቁ ባለቤት።

ጋሼ ያውቃሉ፤ እህቴ ልክ ስትሰጥ የነበረውን ቀልድ ሁሉ ሰምተዋል። ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ሴትዮዋን፣ የሱቁን ባለቤት ማለቴ ነው፣ አባብለው በአዲስ እንደሚተኩላት ቃል ገብተው ሸኟት። ከዚያ ወደ እሱ ተጠጉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጄ፣ ነፍሷን ይማር። እንደ ልጄ ነበረች፣ ታውቃለህ። ግን ሸማቹ ትከሻው እኩል ነው። ሰኞ መልሰን እንቆርጣለን። እስከዚያ አስተካክላት።"

"እሺ" አለ።

እሺ! በቃ እሺ። ቢጮህ፣ ቢለምን፣ ቢያንስ "እንዴት" ቢል ምን ነበረበት? ደሜ ፈላ። የእህቴ ልብስ ተበትኗል፣ አልጋዋ ለሰው ተሰጥቷል፣ ፎቶዎቿ ሁሉ "ቀጥ በይ" ተብላ የተነሳቻቸው ናቸው። እሷ ራሷን ሆና ቆማ የቀረችው በዚያ ስክሪን ውስጥ ብቻ ነው። በዓለም ላይ ያለው ትከሻዋ ያ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ "እሺ"።

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት፣ ሰው ሲወጣ ጠብቄ ፎቁን ወጣሁ። ከፍቷታል። ግራጫዋ ሴት ክንዶቿን ከጎኗ ትንሽ ፈቀቅ አድርጋ ቆማለች።

"ልታጠፋት ነው አይደል?"

"አላጠፋትም፣ አስተካክላታለሁ።"

"ልዩነቱን ንገረኝ እስቲ! አንተ ሰው፣ ምን አለ ለብቻዋ ቅጂ አድርገህ ብታስቀምጣት? ለፋብሪካው ሌላ አቁምለት፣ ያችን ምሳ የማትበላዋን አቁምለት! እሷን ተዋት።"

"ቅጂ ካለ እከፍታታለሁ።"

"ክፈታ! ማን ከለከለህ?"

ብዕሯን ከጆሮው አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። በዓመት የሚናገረውን ያን ቀን ተናገረ።

"በየጠዋቱ ማንም ሳይገባ እከፍታታለሁ፣ እትዬ። ሥራ አልሠራባትም፣ እንዲሁ አዞራታለሁ። ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ። ዛሬ የሆነ ነገር ይሰማኛል እላለሁ። ምንም። ግድግዳ እንደማየት ነው። ሚስቴ ናት፣ ምንም አይሰማኝም። ይሄ ለሰው ይነገራል? አንቺ እንደምትጠይኝ አውቃለሁ፤ እኔም ብሆን ራሴን እጠላ ነበር።" ወደ ስክሪኑ በአገጩ አመለከተ። "ደሞ እያት። እንዲህ ቆማ ታውቃለች? እሷ መች ዝም ብላ ቆማ ታውቃለች? ትከሻዋ ነው፣ ልኩ አንድ ፍሬ አልተሳሳተም። ግን እሷ አይደለችም። በየቀኑ እከፍታታለሁ፣ በየቀኑ እሷ አይደለችም።"

ዝም አልኩ። እኔ ዝም ያልኩበት ቀን ስለሆነ ያ ቀን አይረሳኝም። ልጠላው ነበር የወጣሁት፣ አልሆነልኝም። ወንበር ስቤ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

"በል አድርገው" አልኩት።

አንድ ቦታ ነካ፣ ግራና ቀኙን እኩል የሚያደርገውን። ፕሮግራሙ ጥቂት አሰበና ግራ ትከሻዋ ቀስ ብሎ ተነሳ። የለበሰችው ባለ ቅጠል ሸሚዝ ተንቀጥቅጦ ቦታውን ያዘ። እናቴ ስትለምናት የኖረችውን፣ አስተማሪው፣ ፎቶ አንሺው የለመኗትን፣ አሁን ቀጥ አለች። ቀጥ ስትል ማንም ሆነች፣ መንገድ ላይ አልፋችኋት የምትሄዱ ሰው።

"ይቀመጥ?" ብሎ ፕሮግራሙ ጠየቀ። ይቀመጥ አለው።

እንባ ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልመጣም። ወርጄ የስፌት መኪናዬ ጋ ተቀመጥኩና የቀረኝን ኪስ ሰፋሁ። እሱም ከላይ ሥራውን ቀጠለ። ሰኞ ተቆረጠ፣ ተሰፋ፣ ትከሻው ገጠመ፣ የሱቁ ባለቤት ተደሰተች። ቆራጩ ብቻ አንዱን አዲስ ሸሚዝ አጥፎ አየና፣ "ልክ ነው" አለ፤ አባባሉ ግን ልክ ያልሆነ ነገር ያየ ሰው አባባል ነው።

የተመለሱትን ሸሚዞች ጋሼ ምልክታቸውን አስቀድደው በጅምላ ለአንድ የመንገድ ዳር ነጋዴ ሰጡ። በርካሽ ሄዱ። ከመጋዘን ሲወጡ አላየሁም፣ ማየትም አልፈለግሁም።

እንዲያ እንዲያ እያለ ጊዜው ሄደ። እኔና ባለብዕሩ የምንኖረው በአንድ አቅጣጫ ስለሆነ ከሥራ አብረን እንወጣለን፣ አንድ አውቶቡስ እንጠብቃለን። ድሮ ሦስት ሆነን ነበር፤ እህቴ ከሥራዋ መጥታ ፌርማታው ላይ ትጠብቀናለች፣ ብዙ ጊዜም ዘገያችሁ ብላ ታኮርፋለች። አሁን እኔ ስለ ክር ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ጉልበቴ አወራለሁ፣ እሱ "እም" ይላል። መንገዱ በዚህ ያልቃል።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ፌርማታው በሰው ሞልቷል። እኔ እንደ ወጌ እያወራሁ ነው። "እም" ሳይለኝ ሲቀር ዞር አልኩ። ቆሟል። ዓይኑ ወዲያ ማዶ ነው።

ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴት ስልክ እያወራች ትሄዳለች። ነጭ ሸሚዝ፣ አረንጓዴ ቅጠል፣ አንዲቷ ቅጠል ተገልብጣ ተገልብጣ። ስታወራ ቀኝ እጇ በደረቷ ላይ ተሻገረ፣ ግራ ትከሻዋን በሁለት ጣት ያዘችው፣ ሳብ።

ሴትዮዋ አልፋ ሄደች። እኔ ገና ዓይኔን ሳልመልስ ፌርማታው ወንበር ላይ የተቀመጠች ልጅ እግር፣ ያው ሸሚዝ፣ ጓደኛዋ የሆነ ነገር ብላት ስትስቅ እጇ ሄደ፣ ሳብ። ከእኛ ፊት ደግሞ ዘንቢል የያዘች አንዲት ወፍራም ሴት፣ ጀርባዋን ሰጥታን አውቶቡሱ ይመጣ እንደሆን እየተንጠራራች፣ ዘንቢሉን ወደ ግራ እጇ አዛወረችና ሳብ። አውቶቡሱ አልመጣም። ሁለቴ ሳብ።

ለእህቴ ልክ የሆነው ልብስ ሌላውን ሁሉ ይይዘዋል። በያዘው ቁጥር እጁ ወደ ትከሻው ይሄዳል። ይሄን ያሰብኩት በኋላ ነው፣ ያን ሰዓት ምንም አላሰብኩም።

ባለብዕሩ ወደ ወፍራሟ ሴት ተጠጋ። ልከለክለው እጄን ዘርግቼ ነበር፣ አልደረስኩበትም።

"ይቅርታ እህቴ" አላት። "ሸሚዙ… ትከሻው ያስቸግርሻል?"

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየችው። "ምን አገባህ?" ልትል አፏን ከፍታ ፊቱን ስታይ ሐሳቧን ለወጠች መሰለኝ።

"ኧረ ተወው" አለችው። "በርካሽ አገኘሁት ብዬ ነው፤ የሰፋው ሰው ግራና ቀኙን አያውቅም መሰል። ቀኑን ሙሉ ስጎትተው ነው የምውለው።" እጇ ሄዶ ሳብ አደረገችው። "ግን ቅጠሉ ደስ ስላለኝ መጣል አሳሳኝ። ልጄ እንኳን 'ጣይው' ትለኛለች፣ አልጥልም አልኳት።"

የሰው ፊት እንዴት እንደሚፈርስ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። መጀመሪያ አገጩ ነው የሄደው። ፌርማታው ጠርዝ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ፣ ሰው በሞላበት፣ ቦርሳውን ታቅፎ፣ እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ስሟን ጠራ። ከሞተች ወዲህ ስሟን ሲጠራ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ የኔም የተዘጋው ተከፈተ፣ አፍንጫዬን በሻሼ ጫፍ እየጠረግሁ ተንሰቀሰቅሁ። ሰዉ ዞር ብሎ ያየናል። ይየን!

ሴትዮዋ ደነገጠች። "ውይ በሞትኩት! ምን አልኩት?" አለችኝ።

"ምንም አላልሽው፣ እህቴ" አልኳት። "ሸሚዙን የነደፈው እሱ ነው።"

"እንዴ! ኧረ እኔ ለቀልድ ነው፣ ጥሩ ሸሚዝ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው" አለች ተጨንቃ፣ ሲጨንቃት ደግሞ እጇ እንደገና ወደ ትከሻዋ ሄደ።

አውቶቡሱ መጣ። ሰዉ ተጋፍቶ ገባ፣ ሴትዮዋም እየዞረች እያየችን ገባች፤ እኛ አልተነሳንም። ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ አየናት፣ ቆማለች፣ በአንድ እጇ ብረቱን ይዛለች፣ ሌላው እጇ ትከሻዋ ላይ ነው።

"አየሻት፣ እትዬ?" አለኝ።

"አየኋት" አልኩት።

"ዘገያችሁ ብላ ነው" አለ፤ እያለቀሰ ሳቀ። እስኪወጣለት ቁጭ ብለን ቀጣዩን አውቶቡስ ጠበቅን።